ከጥቁሩ ዝቃጭ ቤንዚን ያወጣው ሰው

የሚኒ ሚዲያችን መጽሔት የታዋቂ ሰዎችን ታሪክ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ንጉሥ፣ ስለ ሯጭ ወይም ስለ ደራሲ ነው። አሁን ተራው የኔ ስለሆነ እኔ የመረጥኩት አንድ ኢንጂነር ነው። ስሙ ዩጂን ሁድሪ ይባላል። አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁት የማታውቁ ይመስለኛል፤ እኔም የሰማሁት የሳይንስ መምህራችን ስለ ካታሊስት ሲያስተምሩን ነው። በነዳጅና በኬሚስትሪ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ግን በጣም የታወቀ ነው። ከሞተም ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ፈረንሳዮች በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለችውን የሀ ድምፅ ስለማያነቧት ኡድሪ ነው የሚሉት። አሜሪካኖች ደግሞ ሁድሪ ይላሉ። እኔ ሁድሪ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወደኛ መቀየር የፈለገ 7 ወይም 8 እየቀነሰ ያንብብ።

ሁድሪ የተወለደው ኤፕሪል 18 ቀን 1892 ከፓሪስ ብዙ በማትርቅ ዶሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው። አባቱ የብረት ፋብሪካ ያላቸው ሀብታም ሰው ነበሩ። ስለዚህ ይሄ ታሪክ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ በኩራዝ ያጠና የሚባል ዓይነት አይደለም። ዝም ብሎ የአባቱን ሀብት እየበላ መኖር ይችል ነበር። እኔን የገረመኝም አለመቀመጡ ነው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ በ1911 ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ፣ የወርቅ ሜዳሊያ አጥልቆ ተመረቀ። በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን አምበል ነበር፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። ኳስ የሚወድ ልጅ ትምህርት አይዘልቀውም የሚሉ ወላጆች ካሏችሁ ይህቺን አንቀጽ አሳዩልኝ።

ከተመረቀ በኋላ አባቱ ድርጅት ገብቶ መሥራት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳና ዘመተ። መጀመሪያ መድፈኛ ነበር፣ ኋላ ወደ ታንክ ክፍል ተዛወረ። ታንክ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነው። ፈረንሳይ ታንኮቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰለፈችው በኤፕሪል 1917 ሲሆን ሁድሪም እዚያ ውጊያ ላይ፣ ጁቬንኩር በተባለው ቦታ ነበር። ብዙ ታንኮች ተመቱ፣ ብዙዎቹም ቆሙ። እሱ ተኩሱ ሳይበርድ የቆሙትን ታንኮች ያስጠግን ነበር። እዚያው ክፉኛ ቆሰለ። ለዚህም ሥራው የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለመ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ አባቱ ድርጅት ቢመለስም ልቡ መኪና ላይ ነበር። የእሽቅድምድም መኪና ይወድ ነበር፤ ቡጋቲ የምትባለውን መኪና ይነዳ ነበር። በ1922 አሜሪካ ሄዶ የፎርድን የመኪና ፋብሪካ ጎበኘ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚደረገውንም ትልቁን የመኪና ውድድር አየ። እዚያ አንድ ነገር ተገለጠለት። ሞተሩ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው፣ ቤንዚኑ ግን እዚያው ነው። ሞተሩን የበለጠ ኃይለኛ ላድርግህ ሲሉት መጥፎው ቤንዚን ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ ኳ ይላል። ቤንዚን ይሄን ኳኳታ የመቋቋም አቅሙ የሚለካበት ቁጥር ኦክቴን ይባላል። ቁጥሩ ሲበልጥ ቤንዚኑ ይሻላል።

ሌላም ጭንቀት ነበረበት። ፈረንሳይ ያን ጊዜ የራሷ የሆነ ነዳጅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ከውጭ አገር ነው የምትገዛው። ጦርነት ቢመጣና መርከቡ ቢቀር መኪናውም ታንኩም ይቆማል። ይሄ ጭንቀት ለኛ አዲስ አይደለም። የኛም አገር ቤንዚን በቦቴ ተጭኖ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው። አጎቴ ባጃጅ ስለሚነዳ ቤንዚን ሲጠፋ ምን እንደሚመስል እኛ ቤት በደንብ ይታወቃል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሰልፍ ይይዛል፣ እኔ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ ቁርሱን በፌስታል ይዤለት አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ስመለስም እዚያው ሰልፍ ላይ አገኘዋለሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በዚያው በ1922 ሁድሪ፣ ኒስ በምትባለው ከተማ የሚኖር ፕሩዶም የሚባል ባለሙያ ከሊግናይት ቤንዚን እንደሚያወጣ ሰማ። ሊግናይት ማለት ቡናማ የድንጋይ ከሰል ነው፤ እሱ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ አለ። ሁድሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቦሻም በተባለ ቦታ ቤተ ሙከራ ከፈተ፣ ከራሱም ኪስ ብዙ ገንዘብ አወጣ። ለዓመታት ደክመው በ1929 በቀን 60 ቶን ሊግናይት የሚያስተናግድ ፋብሪካ ሠሩ። ቤንዚኑ ወጣ። ግን የሚወጣው ቤንዚን ወጪውን አይሸፍንም። መንግሥት ድጎማውን ሲያቆም ፋብሪካው ተዘጋ። ምን አለፋችሁ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነገር በዚሁ ቀረ።

ደግነቱ ሁድሪ በጎን ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር። ያ ነገር እንዲገባችሁ ግን ስለ ድፍድፍ ነዳጅ ትንሽ መናገር አለብኝ። ታገሡኝ፣ አይከብድም።

ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ወፍራም ነው። አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። አብዛኞቹ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው፣ እንደ ሰንሰለት አስቧቸው። አጭር ሰንሰለት ቀላል ነው፣ ቶሎ ይተናል፤ ቤንዚን ከነዚህ ውስጥ ነው። ትንሽ ረዘም ያለው ላምባ ነው፣ ከዚያ ናፍጣ ይከተላል። በጣም ረጅሙ መንገድ ላይ የሚፈሰው ሬንጅ ነው። እነዚህን ለመለያየት ድፍድፉን ማሞቅ ነው፤ ቀላሉ ቀድሞ ይተንና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል።

ችግሩ ምንድን ነው መሰላችሁ፣ መኪና የሚፈልገው አጭሩን ሰንሰለት ነው፣ ድፍድፉ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ ረጅሙ። መኪና ሲበዛ ቤንዚን አነሰ፣ ወፍራሙ ዝቃጭ ግን ተረፈ። ታዲያ ረጅሙን ሰንሰለት ሰንጥቀን አጭር ብናደርገውስ? ይሄን ሐሳብ ቀድሞ በሥራ ያዋለ ሰው አለ፤ ዊልያም በርተን የሚባል አሜሪካዊ በ1913 በኃይለኛ ሙቀትና በግፊት ሰንጥቆታል። በዚህ መንገድ ቤንዚኑ በዛ፣ ጥራቱ ግን ለአዲሶቹ ሞተሮች በቂ አልነበረም። ሙቀት ብቻውን ዱላ እንደያዘ ሰው ነው፣ ያገኘበት ቦታ ላይ ይመታል።

ሁድሪ የፈለገው በዘዴ የሚሰነጥቅለትን ነገር ነው። እሱም ካታሊስት ነው። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌሎች ነገሮችን ለውጥ የሚያፋጥን ማለት ነው። መምህራችን ሲያስረዱን እንደ ደላላ አስቡት አሉን፤ ሻጭና ገዢን ያገናኛል እንጂ ቤቱን እሱ አይገዛም። እኔ እጄን አውጥቼ ደላላ እኮ ኮሚሽን ይወስዳል ብል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ግን ቆይቼ ሳነብ ካታሊስትም ኮሚሽን አለበት።

ሁድሪ በጣም ብዙ ዓይነት ነገር ሞከረ። በመጨረሻ የረዳው ወርቅ ወይም ሌላ ውድ ብረት አይደለም፣ አፈር ነው። በአሲድ የታጠበ፣ ሲሊካና አሉሚና የሚባሉ ነገሮች ያሉበት የሸክላ አፈር። የወፍራሙ ነዳጅ ትነት በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት በዚህ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ረጅሞቹ ሰንሰለቶች ይሰነጠቃሉ። የሚገርመው መሰንጠቅ ብቻ አይደለም፣ የተሰነጠቁት ቅርጻቸውም ይለወጣል፤ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ቅርንጫፍ ያላቸው ደግሞ ሞተር ውስጥ ኳኳታን በደንብ ይቋቋማሉ፣ ማለትም ኦክቴናቸው ከፍ ያለ ነው። ይሄ የሆነው በ1927 ነው። ሁድሪም ያገኘውን ቤንዚን ቡጋቲው ውስጥ ጨምሮ ዳገት ላይ ነዳት። መኪናዋም ወጣችለት። ቤተ ሙከራ ውስጥ በጠርሙስ ከመለካት ይልቅ ዳገት ላይ መሞከሩ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አሁን ስለ ኮሚሽኑ ልንገራችሁ። ሰንሰለቶቹ ሲሰነጠቁ ጥቂቱ ካርቦን ይቀርና አፈሩ ላይ እንደ ጥላሸት ይለጠፋል። ደቂቃዎች ሳያልፉ አፈሩ በጥላሸት ይሸፈንና ሥራውን ያቆማል። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱት የለ? ያልታሰሰ ምጣድ እንጀራው ይይዝበታል። የሁድሪም አፈር እንደዚያ ነው። ከሱ በፊት ካታሊስት የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፣ እዚህ ጋ ግን ይሸነፉ ነበር፤ በየጊዜው አዲስ ካታሊስት መለወጥ ዋጋው አይቻልም። ሁድሪ ጥላሸቱን አፈሩ ላይ እንዳለ አየር ሰጥቶ አቃጠለው። ጥላሸቱ ጋዝ ሆኖ ሄደ፣ አፈሩ ደግሞ እንደገና ንጹሕ ሆነ። በኔ አስተያየት የሁድሪ ትልቁ ሥራ አፈሩን ማግኘቱ ሳይሆን ይሄ ነው።

ነገር ግን እየሰነጠቁ ማቃጠል አይቻልም፤ አየርና የነዳጅ ትነት ከተገናኙ መዘዙ ትልቅ ነው። ስለዚህ አፈር የሞላባቸው ትልልቅ የብረት ጋኖች ጎን ለጎን ተሠሩ። አንዱ ነዳጅ ሲሰነጥቅ ሌላው ውስጡ የቀረው ትነት ይጸዳል፣ ሦስተኛው ጥላሸቱ ይቃጠላል። በየ10 ደቂቃው ገደማ ተራ ይለዋወጣሉ። ቧንቧዎቹን የሚከፍቱና የሚዘጉትም ራሳቸው የሚሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። ከሚቃጠለው ጥላሸት የሚገኘው ሙቀት ደግሞ ሳይባክን ፋብሪካውን ራሱን ያግዛል።

የአገሩ ሰዎች ይሄን ነገር ሥራ ላይ አላዋሉለትም። በ1930 ቫኪዩም ኦይል የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ጠራውና ዕቃውን ይዞ፣ ቤተሰቡንም ይዞ ኒው ጀርዚ ወደምትባለው ግዛት ሄደ። ያ ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ኢኮኖሚ የወደቀበት ነው። ገንዘብ አጠረ። በ1933 ሰን ኦይል የሚባል ሌላ ድርጅት ገብቶ ባያግዝ ኖሮ ሥራው ይቆም ነበር። በ1936 የመጀመሪያው፣ በቀን 2,000 በርሜል የሚያስተናግድ ፋብሪካ ፖልስቦሮ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1937 ደግሞ ፔንስልቬንያ ግዛት ማርከስ ሁክ በምትባል ከተማ በቀን 12,000 በርሜል የሚያስተናግድ ትልቅ ፋብሪካ ተከፈተ። አንድ የነዳጅ በርሜል 159 ሊትር ነው፣ እናንተው አባዙት። ከሚገባው ወፍራም ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ጥሩ ቤንዚን ሆኖ ይወጣል፤ በሙቀት ብቻ ሲሰነጠቅ ግን ሩብ ያህሉ ነበር።

ፋብሪካዎቹ ገና ሲስፋፉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1940 የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ሲዋጉ የእንግሊዞቹ ተዋጊ አውሮፕላኖች 100 ኦክቴን ቤንዚን ነበራቸው፣ አብዛኞቹ የጀርመን አውሮፕላኖች ደግሞ በ87 ይበሩ ነበር። ጥሩ ቤንዚን ያለው ሞተር የበለጠ ኃይል ያወጣል። በዚያ ጦርነት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በካታሊስት ከተሰነጠቀው የአውሮፕላን ቤንዚን 90 በመቶው የወጣው በሁድሪ ዘዴ ከሚሠሩ ፋብሪካዎች ነው። እርግጥ ለድሉ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ፣ ቤንዚን ብቻውን አይዋጋም።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አውጧት። በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን አሸነፈችና ቪሺ በምትባል ከተማ ከጀርመን ጋር የሚስማማ መንግሥት ተቋቋመ። ሁድሪ አሜሪካ ሆኖ ይሄን መንግሥት ተቃወመ፤ ትግሉን የቀጠሉትን ጄኔራል ደ ጎልን የሚደግፍ ማኅበርም መራ። የቪሺ መንግሥት በ1941 ዜግነቱን ገፈፈው። በ1917 ለፈረንሳይ ታንክ ሲያስጠግን ደሙን ያፈሰሰው ሰውዬ እኮ ነው ፈረንሳዊ አይደለህም የተባለው! ከታሪኩ ሁሉ እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊ ዜግነት ወሰደ። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጥሬ ነገርም ከጋዝ የሚያወጣበት ዘዴ ሠርቷል።

የሱ ፋብሪካዎች ዕድሜ ግን አጭር ነው። ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ለፈጠራው የሚጠየቁትን ክፍያ ላለመክፈል የራሳቸውን መንገድ ፈለጉ። በሜይ 1942 ባተን ሩዥ በምትባል ከተማ አዲስ ዓይነት ፋብሪካ ጀመሩ። በዚህኛው ካታሊስቱ ጋን ውስጥ አይቀመጥም። እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ጋዝ ከሥር ሲነፋበት እንደ ውኃ ይፈሳል። በአንዱ ጋን ነዳጁን ይሰነጥቃል፣ በቧንቧ ወደ ሌላው ጋን ይፈስና ጥላሸቱ ይቃጠላል፣ ተመልሶ ይመጣል። ማቆም የለ፣ ተራ መጠበቅ የለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙት በዋናነት ይሄኛውን ነው። መነሻው ግን ያው የሁድሪ ሐሳብ ነው፣ ሰንጥቅ፣ አቃጥል፣ እንደገና ሰንጥቅ።

ከጦርነቱ በኋላ ሁድሪ ሀብታምና ስመ ጥር ነበር፣ ዕድሜውም ወደ 60 እየተጠጋ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታ ይወጣ ነበር። በዚያ ጊዜ ሎስ አንጀለስ የምትባለው ከተማ በመኪና ጭስ ስትታፈን፣ የሳንባ ካንሰርም ሲበዛ ይሰማ ነበር። እሱ ያበዛው ቤንዚን የሚያወጣው ጭስ እኮ ነው። ስለዚህ ጭሱን የሚያጸዳ ነገር ለመሥራት ኦክሲ ካታሊስት የሚባል ድርጅት አቋቋመ። የሠራው ዕቃ የሚገጠመው ጭስ ማውጫው ላይ፣ ማርሚታ የምንለው አካባቢ ነው። መርዛማው ጭስ ካታሊስቱ ላይ ሲያልፍ ከአየር ጋር እንደገና ይቃጠልና ጉዳቱ ይቀንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ገብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በ1956 የፈጠራ መብት አገኘበት።

ይሄ ክፍል እኛንም ስለሚነካ ትንሽ ልቆይበት። የኛ ክፍል መስኮት ወደ ዋናው መንገድ ነው። ታክሲዎቹ ዳገቱን ሲወጡ ጭሱ ቀጥታ ወደኛ ይገባል። መስኮቱን ስንዘጋ ይሞቀናል፣ ስንከፍተው እናስላለን። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አስም ያለባት ልጅ አለች፤ የጥዋቱን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሻርፕ አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትማረው። ጋራዥ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ እንደነገረኝ ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ይሄ ማጽጃ የላቸውም፤ ያላቸውንም ሲደፈን አውልቀው የሚጥሉ ሰዎች አሉ።

የሁድሪ ማጽጃ ግን እሱ በሕይወት እያለ በተራ መኪኖች ላይ አልተስፋፋም። ምክንያቱ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፣ ብረቱን ነው። በ1921 አሜሪካ ውስጥ የእርሳስ ውሁድ ቤንዚን ላይ ጠብ ሲደረግ የሞተሩን ኳኳታ እንደሚያጠፋ ታውቆ ነበር፤ ርካሽ ስለሆነም ሁሉም ይጨምረው ነበር። እርሳሱ ከጭሱ ጋር ይወጣና ካታሊስቱን ይሸፍነዋል፣ ይገድለዋል። ይሄ ደግሞ እንደ ጥላሸቱ በእሳት የሚጸዳ አይደለም። ስለዚህ ማጽጃው የሚሠራው እርሳስ የሌለው ቤንዚን በሚጠቀሙ እንደ ፎርክሊፍት ባሉ ማሽኖች ላይ ብቻ ሆነ። ሰውዬው የሠራው ነገር ትክክል ሆኖ ቤንዚኑ እምቢ አለው።

ሁድሪ ጁላይ 18 ቀን 1962 በ70 ዓመቱ ፔንስልቬንያ ውስጥ አረፈ። ከ100 በላይ የፈጠራ መብቶች በስሙ ነበሩ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ጭስ ማጽጃ ተገጥሞላቸው መውጣት ጀመሩ። እርሳስ ያለበት ቤንዚንም ከየአገሩ ቀስ በቀስ ወጣ፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን ለመኪና መሸጥ ያቆመችው በ2021 ነው። እኛ ተወልደን ማለት ነው!

የማርከስ ሁክን ፋብሪካ ደግሞ የአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር በ1996 የኬሚስትሪ ታሪካዊ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። የሦስቱን ጋኖች ሥዕል ጓደኛዬ ሠርቶልኝ ከዚህ ገጽ ጀርባ ለጥፈነዋል። ቡናማው አፈሩ ነው፣ ጥቁሩ ጥላሸቱ፣ ቀዩ ደግሞ እሳቱ። ቢጫ ቀለም ስላለቀብን ቤንዚኑን በሰማያዊ ቀብተነዋል።